የትኛዋ ወለተማርያም

ሐምሌ 22

ዝናብ። ጭጋግ። ባጃጁ ዳገቱ ግማሽ ላይ "ከዚህ በላይ አልወጣም" ብሎ አወረደኝ… ቢሮ ስደርስ ጫማዬ ላይ ግማሹ የደብረ ታቦር ጭቃ አለ። ናትናኤል አየኝና "መሬት ልትሸጪ ነው እንዴ?" አለኝ። ከጎኔ የሚቀመጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ጠዋት ጠዋት እኔን ካልነካካ ማሽኑ አይነሳለትም።

ሥራው ያው ነው። በየቀበሌው ያሉ በጎ ፈቃደኞች የታመመ ሰው ሲያዩ በስልክ ይልካሉ፣ ኮምፒውተሩ ይሰበስባል፣ ካርታው ላይ ቀለም ይሆናል። አረንጓዴ ደህና። ቢጫ ጠርጥር። ቀይ ሩጥ። ቀይ ሲሆን መኪናው፣ መድኃኒቱ፣ ድንኳኑ ይወጣል። አረንጓዴ ከሆነ ማንም ከወንበሩ አይነሳም። ዛሬ ሁሉም አረንጓዴ።

አለቃችን አቶ ዳኛቸው ካርታውን ግድግዳው ላይ በትልቅ ስክሪን አሰቅለውታል። እንግዳ ሲመጣ ብርሃኑን ይጨምራሉ። እንግዳው ሲወጣ ይቀንሳሉ።

ማታ ለእማዬ ይኼን ሁሉ አስረዳኋት። ሰምታ ሰምታ "ታዲያ ይኼን ሁሉ ማሽኑ ከሠራው አንች እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?" አለችኝ።

ሐምሌ 25

ዛሬ ጉድ ሆነናል። ከጋፋት ወዲያ ያለ አንድ ቀበሌ በአንድ ጠዋት ቀይ ሆነ። ሩጫ በሩጫ። መኪና ተነሳ፣ ድንኳን ተጫነ… ሲደርሱ የታመመው አንድ ሰው ብቻ! እሱም ድኖ ድንች ሲቆፍር አገኙት። በጎ ፈቃደኛዋ ኔትወርክ እየተቆራረጠባት "ላክ" የሚለውን ስትደጋግም፣ አንዱ ሰውዬ ቀበሌ ሙሉ በሽተኛ ሆኖ ገባልን። ሰውዬው ያን ሁሉ ነጭ ጋዋን አይቶ "ማን ሞቶ ነው?" አለ አሉ።

አቶ ዳኛቸው እንግዶች ፊት ነበር ያፈሩት። "ቃልኪዳን፣ ይኼን ነገር አንድ በይልኝ" አሉኝ።

አንድ አልኩት። ስሙ፣ ጾታው፣ ዕድሜው፣ ቦታው ተመሳሳይ የሆነ በሽተኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደግሞ ከመጣ እንደ አንድ ሰው ይቆጠር። ሰው በሳምንት ስንት ጊዜ ይታመማል? ናትናኤል "ደጋሚ ማጥሪያ" ብሎ ስም አወጣለት። ሞከርነው፣ ድንች ቆፋሪው ተመልሶ አንድ ሰው ሆነ።

በዚያው ለበጎ ፈቃደኞቹ በራሱ የሚሄድ መልስም ጻፍኩላቸው። የላኩት ሲገባ፣ "መልእክትዎ ደርሶናል። ስለ ትብብርዎ ከልብ እናመሰግናለን" ይላቸዋል። "ከልብ" የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ማሽንም ቢሆን ጨዋ ሲሆን ደስ ይላል።

ሐምሌ 29

እማዬ ለፍልሰታ እብናት፣ እህቷ አዛለች ጋ ልሄድ ነው አለች። ደስ አለኝ። ከርማ ከርማ የጠየቀችኝ ዋርካው ኪዳነ ምሕረት ጸበል ልሂድ እያለች ነበር፣ ለጉልበቷ። እኔ ደግሞ እምቢ። በክረምት ያን ያህል ሰው በሚሰበሰብበት፣ ሽንት ቤት በሌለበት፣ የሚጠጣውም ከታች ከወንዙ በሚቀዳበት… አተት ቢነሳስ? ተቅማጡና ትውከቱ ሰውን በአንድ ቀን አድርቆ እንደሚጥል እያየሁ እንዴት ሂጂ ልበላት? "የቢሮሽን ወሬ ቤቴ አታምጭብኝ" አለችኝና ነገሩን ተወችው።

እማዬ ነገር መተው ልማዷ አልነበረም።

እራት ላይ ሦስቴ ጠርታኝ ነበር ለካ። ላፕቶፑ ላይ ነበርኩ። መጨረሻ ላይ ራሷ መጥታ ክዳኑን ጣቶቼ ላይ ከደነችው። "ጆሮሽን ለዚህ ለሚያበራው ነገር ሰጥተሽ ጨረስሽ" አለችኝ። ኧረ እየሰማሁሽ ነው አልኳት። "ምን አልኩሽ?" አለች… አላወቅሁም።

ነሐሴ 2

እማዬ ከሄደች ጀምሮ ስልኳ ዝግ ነው። ሱባኤ ይዛ ይሆናል። ቤቱ ጭር ብሏል፣ የሚቆጣኝ የለም።

ነሐሴ 4

ዛሬ ሆዴ እስኪቆስል ሳቅኩ። ኮምፒውተሩ አንዳንድ ሪፖርት አልገባው ሲል "ሰው ይየው" ብሎ ወደኔ ይወረውራል። ከዋርካው ኪዳነ ምሕረት አንድ መጣ። እዚያ የሚልኩልን መሪጌታ ፈንታሁን ናቸው፤ የደብሩ መሪጌታ፣ አምና ያሠለጠንናቸው። ሥልጠናው ላይ ስልኩን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው "ይኼ ታዲያ ምን ይሳነዋል?" ሲሉ ትዝ ይለኛል።

የላኩት እንዲህ ይላል። ስም፣ አመተሥላሴ። የአባት ስም፣ እግዚአብሔር ያውቃል። የሕመሙ ምልክት፣ አትበላም፣ አትተኛም፣ ሲጠሯት አትሰማም። ሌላ ማስታወሻ፣ ሰው አታይም፣ የሚያበራ ነገር ብቻ ነው የምታየው።

ናትናኤል ወንበሩ ላይ በሳቅ ተንፈራፈረ። ይቺማ ፍቅር ይዟታል፣ የሆነ ባለ ሞተር ነው አለ። "የአባት ስም" ካልተሞላ ስልኩ ወደ ሚቀጥለው አያሳልፍም፣ መሪጌታ ደግሞ የሚመዘግቡት የክርስትና ስም ነው… ለክርስትና ስም አባት ከየት ያምጡ? እግዚአብሔር ያውቃል። እውነታቸውን ነው! ጸበል ቦታ ማን በዓለም ስሙ ይጠራል? ቄሱም የሚጸልዩለት በክርስትና ስሙ ነው። ስልክ ቁጥር በሚለው ላይ ደግሞ ለሁሉም የራሳቸውን ነው የሚሞሉት።

የእኔም የክርስትና ስም አመተሥላሴ ነው ለነገሩ። እግዜር ይማርሽ ሞክሼ፣ ብዬ "ያልተወሰነ" ውስጥ አስቀመጥኳት።

ነሐሴ 6

ማጥሪያዬ ዛሬ ብዙ ደጋሚ ያዘ። አብዛኛው ከመሪጌታ። ተቅማጥ፣ አንዲት ስድሳ ዓመት ሴት፣ ደግሞ ያችው፣ ደግሞ ያችው… ኔትወርክ ሲሄድባቸው "ላክ"ን እየደጋገሙ ይሆናል። ምስኪን። አንድ ሁለት ተቅማጥ በክረምት ያለ ነው። ካርታው አረንጓዴ።

አቶ ዳኛቸው ለእንግዶች ስለ ማጥሪያው አስረዱ። ስሜንም ጠሩ። ብርሃኑን ጨምረው ነበር።

ነሐሴ 7

አክስቴ አዛለች ጋ ደወልኩ። እማዬን አቅርቢልኝ ስላት፣ ተኝታለች አለችኝ። በጠራራ ፀሐይ? ከሰዓት ደወልኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ናት። ማታ ደወልኩ፣ ጎረቤት ሄዳለች። በጾም ምሽት ምን ጎረቤት አላት? አዛለች ውሸት አታውቅበትም። ድምጿ ይቀጥናል።

ነገ በጠዋት መልሼ እደውላለሁ።

ነሐሴ 8

ቆሜ ነው የምጽፈው። መኪናው እስኪጫን ነው…

ጠዋት አዛለችን አጥብቄ ያዝኳት። እማዬ እሷ ጋ ያደረችው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በነጋታው ዋርካው ኪዳነ ምሕረት ወርዳለች። ለቃል አትንገሪ፣ ታቃጥለኛለች ብላ አስምላታለች። አዛለችም ከዚያ ወዲህ ድምፅ አልሰማችም።

ወዲያው መሪጌታ ጋ ደወልኩ። እግዜር ይስጣቸው አነሱ። እናቴን ፈልጌ ነው፣ አበበች ትባላለች አልኳቸው።

"በዓለም ስም እኔ ማንንም አላውቅ ልጄ። የክርስትና ስማቸው?"

"ወለተማርያም።"

ከዚያ ቀስ ብለው፣

"የትኛዋ?"

እንዴት የትኛዋ ይባላል? አልገባኝም። "ሰባት ወለተማርያም ተኝተውብኛል" አሉኝ። ሁሉም ተቅማጥና ትውከት። ገብረማርያሞችም አሉ፣ ኃይለማርያሞችም አሉ… ሁሉንም አንድ በአንድ ልኬያለሁ አሉ። ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም መሪጌታ? ጮህኩባቸው መሰለኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። "ስልክ ቁጥር ነው እንዴ የጎደለኝ? በላክሁ ቁጥር ደርሶናል፣ ከልብ እናመሰግናለን ትሉኛላችሁ። ከልብ ካላችሁ መኪና እየመጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ነበር" አሉኝ።

ክው አልኩ።

ካርታውን ከፈትኩ። ዋርካው ኪዳነ ምሕረት፣ አረንጓዴ። ወለተማርያም፣ ሴት፣ ስድሳ፣ አንድ ሰው። እናቶቹ ዕድሜ ሲጠየቁ ሁሉም ስድሳ ነው የሚሉት። እማዬም ስድሳ ማለት ከጀመረች ቆየች። ስማቸው አንድ፣ ዕድሜያቸው አንድ፣ አባታቸውን እግዚአብሔር ያውቃል… ማጥሪያዬ ሰባቱንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ስድስቱን ጥሏቸዋል። እናቴን ደጋሚ ብዬ ጥያታለሁ።

ማጥሪያውን አጠፋሁት። ቢጫ እንኳ አልሆነም፣ ቀጥታ ቀይ። አቶ ዳኛቸው ከክፍላቸው ወጡ፣ አዩ፣ የስክሪኑን ብርሃን ጨመሩ። እንግዳ የለም። እንዲህ ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነው። ስልክ አነሱና እብናትን ጠሩ፣ አምቡላንስ፣ ግሉኮስ፣ ውኃ ማከሚያ…

እኔም እሄዳለሁ አልኳቸው። ማን ያስቀርሻል አሉኝ።

ናትናኤል ዛሬ አልቀለደም። የዝናብ ልብሱን አምጥቶ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ።

ነሐሴ 9

እብናት አደርን። ንጋት ላይ መኪናው የቻለውን ያህል ወረደ፣ የቀረውን በእግር። ጭቃው ጫማዬን ሁለቴ ነጠቀኝ። መንገዱን ሁሉ እሷን እየተጣላኋት ነው የሄድኩት። ምን አለ ብትነግሪኝ? ምን አለ ስልክሽን ብትከፍች? ደግሞ መልሼ… ብትነግረኝ እሰማት ነበር?

በሩ ላይ አንዲት ሴትዮ ስጠይቃት "ወለተማርያምን ማታ አምቡላንስ ወሰዳት፣ እንጃላት" አለችኝ። "የትኛዋን?" ያልኩት አሁን እኔ ነኝ። ቁና ቁና እየተነፈስኩ። ሴትዮዋ አሰበች… "የበለሳዋን" አለች።

የበለሳዋን። የእኔ አይደለችም። እሰይ አልኩ በሆዴ። ወዲያው አፈርኩ። የሌላ ሰው እናት አይደለችም እንዴ?

እማዬን ዋርካው ሥር ሸራ ውስጥ አገኘኋት። ጉንጯ ገብቷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ዓይኗን ገለጠች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "በዚህ ጭቃ በዚህ ጫማ?" አለችኝ።

አለቀስኩ። ኧረ ምን ማልቀስ፣ ተነፋረቅሁ። "ተይ ሰው ያያል" አለችኝ። እጄን ግን አልለቀቀችም።

ነሐሴ 11

ከሸራዎቹ አልወጣሁም። ሥራም አለ፣ ሌላ ሸራ፣ ሌላ ሸራ እያልኩ መመዝገብ። እግዜር ይመስገን፣ ሁሉም ሕክምና አግኝቷል። የበለሳዋም ዓይኗን ገልጣለች አሉ። ከሰዓት ሆስፒታል ደውዬ ራሴ አረጋገጥኩ።

እኛ በድምፅ ማጉያ ወንዙን አትቅዱ ብለን ጮኸን ጮኸን የሚሰማን አልነበረም። መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ ጸበሉን ከምንጩ፣ የሚጠጣውን ውኃ ደግሞ ከታከመው በርሜል ብለው ሁለቴ ተናገሩ። አለቀ። አሁን ወንዙ ዳር ዝር የሚል የለም።

አንድ ነገር ገረመኝ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው አይምታቱም። ወለተማርያም ሳቂታዋ፣ ወለተማርያም የበለሳዋ፣ ወለተማርያም ባለ ጃንጥላዋ። እማዬን ምን ይሏታል? "የኮምፒውተሯ።" ከመጣች ጀምሮ ስለ ልጇ ኮምፒውተር ሳታወራ የዋለችበት ቀን የለም አሉኝ። ክፉም ደግም። ክፉው ይበዛል መሰለኝ።

ነሐሴ 13

ቤታችን ገባን። መንደሩ ሁሉ ጅራፍ እያጮኸ ነው፣ ቡሄ ነው። እማዬ መስኮቱን ክፈችልኝ አለች።

ዛሬ ጠየቅኳት። አዛለች ጋ እሄዳለሁ ብለሽ አልነበረም? "ሄድኩ አይደል? አደርኩ አይደል? እዚያው እቀራለሁ አልኩሽ?" አለችኝ። ሱባኤ ላይ ሆና አልዋሸችም። እሷን ማን ይረታታል?

ነሐሴ 18

እንኳን እግዜር ማረሽ ሊል የሚመጣው ሰው አያልቅም። እማዬ ለሁሉም አንዱን ወሬ ትደግማለች። "ልጄ ከኮምፒውተር ሰርዛኝ ነበር እኮ!" ሁሉም ዞሮ እኔን ያየኛል። ዳቦ አቀርባለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ። ደግነቱ እንግዳ ከሌለ ወሬው የለም። ለብቻችን ስንሆን አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም። ይኼ ነው የሚብስብኝ።

ቢሮ ተሰበሰብን። ናትናኤል የጣት አሻራ እንውሰድ አለ። አቶ ዳኛቸው ከመታወቂያ ቁጥር ውጪ አይመዝገብ አሉ። መታወቂያ ይዞ ጸበል የሚገባ ማን ነው? እኔ ሸራ ውስጥ የሰማሁትን ነገርኳቸው። ፎርሙ ላይ አንድ መስመር ጨመርን፣ "ሰው በምን ይለያታል?" የሚል። ማጥሪያው ከእንግዲህ ራሱ አይጥልም፣ ይመስለኛል ብሎ ይጠይቃል እንጂ። ደጋሚ ነው አይደለም የሚለው ሰው ነው። ደውሎ።

መልሱንም ቀየርኩት። "መልእክትዎ ደርሷል። እስከ ማታ ካልደወልንልዎ ይደውሉልን።" ቁጥሬን ከሥሩ ጻፍኩ። "ከልብ" የምትለዋን አወጣኋት።

ነሐሴ 26

ጠዋት ካርታውን ከመክፈቴ በፊት አንድ ሁለት ሰው ጋ እደውላለሁ። ዛሬ መሪጌታ "ዛሬ የታመመ የለም፣ አንች ግን ድምፅሽ ጉንፋን አለው" አሉኝ። ልክ ናቸው።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል ነው። ዝናቡ ሲወርድ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወጥቶ ተጠመቀ። እማዬም ደጅ ቆማ ፊቷን ወደ ላይ አደረገች። ጉልበቴን ተሽሎኛል ትላለች። ጸበሉ ነው ግሉኮሱ? አልጠየቅኳትም።

ዓመቱ ሳያልቅ "ያልተወሰነ" ውስጥ የቀሩትን ልዝጋ ብዬ ቤት ቁጭ አልኩ። አንዷ ወጣች። አመተሥላሴ፣ የዋርካው። ረስቻት ነበር! ማን ተከታተላት? እየሳቅን አስቀምጠናት… ደንግጬ መሪጌታ ጋ ደወልኩ። ያቺ የማትበላው፣ የማትተኛው፣ ሲጠሯት የማትሰማው ልጅ የት ደረሰች አልኳቸው።

ሳቁ። ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? አንች ንገሪኝ እንጂ። ያስመዘገቧት ወለተማርያም የኮምፒውተሯ ናቸው። የራሴ ጉልበት ይቆይ፣ የመጣሁት ለልጄ ነው፣ ታማብኛለች፣ ለእሷ ጸልዩልኝ፣ መዝግቡልኝም አሉኝ። ታማለች ካሉኝ መዘገብኩ።"

ዘጋሁት ስልኩን? ደህና ይሁኑ ማለቴን እንጃ። ቁጭ ብዬ ሪፖርቱን አየሁት። አትበላም። አትተኛም። የሚያበራ ነገር ብቻ ነው የምታየው… ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ ያን ያህል መንገድ በዚያ ጉልበቷ ወርዳ። እሷ እኔን በሽተኛ ብላ አስመዘገበችኝ፣ እኔ እሷን ደጋሚ ብዬ ጣልኳት። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ ሁለቱም አንድ ላይ።

ፎርሙ ይጠይቃል፣ "አሁን በምን ሁኔታ ላይ ትገኛለች?" ድናለች ልበል? ድፍረት ይሆንብኛል። "በክትትል ላይ" የሚለውን ነካሁት።

ከማዶ ክፍል እማዬ "ቃል!" አለች። እራት ቀርቧል።

በመጀመሪያው ሰማኋት።